"አግዛታለሁ" የምትሉ፣ "አስታረቅናቸው" የምትሉ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ሰላም ናችሁ? በዚህ ሳምንት ስለ ሴትና ወንድ እኩልነት የደወላችሁልን ብዙ ናችሁ። የአየር ሰዓቱ ግን አልበቃንም። ያልመለስኳቸውንም በችኮላ ያለፍኳቸውንም ጥያቄዎች እዚህ ጽፌላችኋለሁ። የደዋዮችን ማንነት የሚያሳብቅ ነገር ሁሉ አውጥቼዋለሁ። አብዛኞቹ በምክር ክፍሌም በስልክም ዘወትር የምሰማቸው ጥያቄዎች ስለሆኑ መልሴ ሊደጋገምባችሁ ይችላል። ይደጋገም፣ ግድ የለም።

ጥያቄ፦ ሚስቴን በቤት ሥራ በደንብ አግዛታለሁ። ዕቃ አጥባለሁ፣ ልጅ እይዛለሁ። እሷ ግን ሁሌ "ደከመኝ" ነው። ከዚህ በላይ ምን ላድርግላት?

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ "አግዛታለሁ" የሚለውን ቃል ተወው። ሰው የሚያግዘው የሌላን ሰው ሥራ ነው። ቤቱ ያንተም ቤት ነው፣ ልጁም ልጅህ ነው።

ዕቃ ማጠብህ ጥሩ ነው። ግን ልጠይቅህ። ሳሙናው ሊያልቅ መሆኑን የሚያየው ማነው? የልጁን የክትባት ቀን የሚያስታውሰውስ? ጫማው እንደጠበበው፣ አስተማሪዋ ለሐሙስ ባለ ቀለም እርሳስ ይዞ ይምጣ እንዳለች፣ እናትህ የሐኪም ቀጠሮ እንዳላቸው ማን ነው በጭንቅላቱ ይዞ የሚዞረው? እሷ ከሆነች፣ አንተ ሶፋው ላይ ሆነህ "ምን ላድርግልሽ?" ስትላት እንኳ አንድ ሥራ ጨመርክባት። አሁን አስባ ማዘዝም አለባት።

ይሄ የናንተ ቤት ችግር ብቻ አይደለም። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በዓለም ላይ ካለው ክፍያ የሌለው የእንክብካቤ ሥራ 76 በመቶውን የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። በዚሁ ኃላፊነት ምክንያት ከሥራ ገበያ ውጪ የሆኑት ሴቶች 606 ሚሊዮን ሲሆኑ ወንዶቹ 41 ሚሊዮን ናቸው። ልዩነቱን እስቲ አስበው።

የማዘው መድኃኒት የታወቀ ነው፤ የቆየ አድማጭ ቀድሞኝ ይለዋል። ለአንድ ሳምንት ጻፉት። ሁለታችሁም፣ ለየብቻችሁ። የሠራችሁትን ብቻ ሳይሆን ያሰባችሁትንም፣ "ነገ እንዳልረሳ" ያላችሁትንም ጭምር። እሁድ ማታ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩ።

ጥያቄ፦ የ5 ዓመት ወንድ ልጄ በአሻንጉሊት ይጫወታል። ያበላታል፣ ያዝላታል፣ ያስተኛታል። ልከልክለው ወይ?

አትከልክዪው። አባትነትን እየተለማመደ ነው።

ጥያቄ፦ ሴት መኪና ስትነዳ አደጋ የሚበዛው ለምንድን ነው?

አይበዛም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመንገድ አደጋ የመሞት ዕድል በወንዶች ላይ ከሴቶች 3 እጥፍ ገደማ ነው። ወንዶች በብዛት መንዳታቸው አንዱ ምክንያት ነው፤ ፍጥነትና መጠጥም አሉበት። ሴት ስትሳሳት "ሴት ናት" ይባላል። ወንድ ሲሳሳት ግን ስሙ ነው የሚጠራው።

ጥያቄ፦ ስብሰባ ላይ ሐሳብ ሳቀርብ ማንም አይሰማኝም። ከ10 ደቂቃ በኋላ ወንድ ባልደረባዬ ያንኑ ሐሳብ ሲደግመው "ግሩም ሐሳብ!" ይባላል። እብድ ልሆን ነው።

አላበድሽም እህቴ፣ ያየሽው እውነት ነው። ብቻሽን ግን አትታገዪው።

በፕሬዚዳንት ኦባማ ዘመን ዋይት ሀውስ ውስጥ የሚሠሩ ሴቶች ይሄው ገጥሟቸው ነበር። ተመካከሩና አንድ ዘዴ ያዙ። አንዷ ሐሳብ ስታቀርብ ሌላዋ ወዲያው ትደግመዋለች፣ ስትደግመው ደግሞ ሐሳቡን ያመጣችውን ሴት ስም ትጠራለች። "እሷ እንዳለችው" እያሉ ነው። ስም ከተጠራ በኋላ ሐሳቡን የኔ ነው ማለት ይከብዳል።

አንቺም አንድ ሰው ፈልጊ። ሴት መሆን የለባትም፣ ቅን የሆነ ወንድ ባልደረባም ይበቃል። ከስብሰባው በፊት ሐሳብሽን በአጭሩ በኢሜይል ላኪው። ስብሰባ የምትመሩ ደግሞ ይህን ስሙኝ፦ "ቅድም እሷ ያለችው ነው" ብሎ ማረም የናንተ ሥራ ነው፣ የሷ አይደለም።

ጥያቄ፦ እኔና ፍቅረኛዬ የስልክ ፓስወርድ ተለዋውጠናል። ማታ ማታ ስልኳን አያለሁ፣ የት እንዳለችም በሎኬሽን እከታተላለሁ። የምደብቀው ነገር የለኝም፣ ስለምወዳት ነው። ጥፋት አለው?

አለው።

"ተለዋውጠናል" ብለሃል። እሷስ ያንተን ስልክ በየማታው ታያለች? የት እንደዋልክ ትከታተላለች? በጥያቄህ ውስጥ አላገኘሁትም። መልሱን ለራስህ ስጠው።

ምክር ክፍሌ የምትመጣ ሴት ሲያወራት የነበረ የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛዋን ስሙን በሴት ስም ቀይራ መዝግባው አያለሁ። በመሃላቸው ምንም የለም። ጠብ ፈርታ ነው። ሌላዋ ታክሲ ቢዘገይባት እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ምክንያቱም ስልኩ ላይ ያለችው ነጥብ አልተንቀሳቀሰችም። ይሄ ሁሉ የጀመረው "ስለምወድሽ ነው" በሚል ነው። ፍርሃት የገባበት ቤት ውስጥ እውነት አይነገርም፤ ስለዚህ ብትቆጣጠራትም የምትፈልገውን አታገኘውም።

ዛሬ ማታ ስልኳን አትንካ። ነገም አትንካ። አለመንካት ካላቃተህ ጥሩ ነው። ካቃተህ፣ እንቅልፍ ከነሳህ፣ ችግሩ ያለው ስልኳ ላይ ስላልሆነ ባለሙያ አማክር። እንድታፍርበት አይደለም፤ የቅናት ነገር ቶሎ ከተያዘ ይታከማል።

ጥያቄ፦ ልጄ ካገባች 4 ዓመቷ ነው። ባለፈው ወር ባሏ ተናዶ አንገቷን አነቃት። እያለቀሰች እኔ ጋ መጣች። ከሁለቱም ወገን ቤተሰብ ተቀምጠን አስታረቅናቸው፣ እሱም አልቅሶ ይቅርታ ጠየቀ፣ ተመለሰች። አሁን ሰላም ነው። ድምጿ ብቻ እስካሁን እንደሻከረ ነው። ያደረግነው ልክ ነው ወይ?

እናቴ፣ ሲናገሩ ደንግጬ ትንሽ ዝም አልኩ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ክፉ አስበው እንዳላደረጉት አውቃለሁ። ትዳሯ እንዳይፈርስ ብለው ነው። ግን ልክ አልነበረም። ልጅዎ አደጋ ላይ ስለሆነች ይህን ማለባበስ አልችልም።

ከሁሉ በፊት ድምጿ። ዛሬ ሐኪም ዘንድ ትሂድ። ስትሄድ "ጉሮሮዬን አሞኝ ነው" እንዳትል፤ እንዲህ ካለች ለጉሮሮ ነው የሚያክሟት። "አንገቴን ታንቄ ነበር" የሚለውን ቃል ሐኪሙ ከአፏ ይስማ። አንገት ላይ ወደ አንጎል ደም የሚያደርሱ ትልልቅ የደም ሥሮች አሉ። እነሱን ለመዝጋት ብዙ ጉልበት አያስፈልግም፣ ሰው በ10 ሰከንድ ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል። የደም ሥሩ ግድግዳ ከውስጥ ከተጎዳ ደም ይረጋና ከቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንታት በኋላ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። ከውጪ ደግሞ ብዙ ጊዜ ምንም አይታይም፣ ሰንበርም የለ፣ ጭረትም የለ። የድምፅ መሻከር፣ ምራቅ ለመዋጥ መቸገር፣ ዐይን ላይ የሚወጡ ቀያይ ነጠብጣቦች፣ የማይለቅ ራስ ምታት፣ ከነዚህ አንዱ ካለ ችላ አይባልም። ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ ለፅንሱም አደገኛ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ይህን በየፕሮግራሙ እላለሁ፣ እስክሞትም እላለሁ። አንገት የተነካ ቀን ነገሩ ሌላ ሆኗል። ከጥፊ ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጥም። ጥፊም ወንጀል ነው፣ ግን ያነቀ ሰው "ሕይወትሽ በእጄ ነው" ብሎ በእጁ ነግሯታል። በአሜሪካ ከተሞች ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት ነበር። ባል ወይም ፍቅረኛ ከዚህ በፊት አንቋት የነበረች ሴት በዚያው ሰው እጅ የመገደል ዕድሏ ከ7 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ጃክሊን ካምቤል የተባሉ ነርስና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ባዘጋጁት የአደጋ መለኪያ ውስጥም ማነቅ አንዱ ጥያቄ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2022 ወዲህ ማነቅ ባይገድልም ራሱን የቻለ ወንጀል ሆኗል። ሕግ አውጪዎቹ እዚህ የደረሱት እንደ ቀላል ድብደባ ታልፎ ሲቆይ ሴቶች እየሞቱ ስላዩ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ላይ 51,100 ሴቶችና ልጃገረዶች በባል፣ በፍቅረኛ ወይም በቤተሰብ አባል እጅ ተገድለዋል። በቀን 140 ማለት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ያወጣው ቁጥር ነው። ስንቶቹ ከዚያ በፊት ታርቀው እንደነበር አስቡት።

እናቴ፣ ስለ እርቁ ልጠይቅዎ። ተቀምጣችሁ ስትመክሩ "ምን ብለሽው ነው እንዲህ የተናደደው?" ያላት ሰው አለ? አንድ እንኳ አይጠፋም፣ በልምድ አውቀዋለሁ። እስቲ እሱን ደግሞ እንጠይቀው። አለቃው ሲያናድደው አንቆት ያውቃል? ትራፊክ ፖሊስ ሲቀጣው አንገቱን ይዞታል? አልያዘም። ንዴቱን መቆጣጠር ይችላል ማለት ነው። የማይቆጣጠረው ቤት ሲገባ፣ በር ሲዘጋ፣ ከሚያስጠይቀው ሰው ፊት ሲርቅ ብቻ ነው። ስለዚህ "ንዴተኛ ነው እንጂ ልቡ ጥሩ ነው" አትበሉኝ። ለቅሶውም ከልቡ ሊሆን ይችላል። ያለቀሰ ሰው ግን ተለወጠ ማለት አይደለም። የተለወጠ ሰው ማንም ሳይጠይቀው ሕክምናና ምክር ይጀምራል፣ ለወራት ይከታተላል፣ "አንቺ ነሽ ያናደድሽኝ" ማለት ያቆማል። "አሁን ሰላም ነው" ያሉት ነገርም ያስፈራኛል። እሷ ዝም ብላ ይሆናላ። ዝምታ ሰላም አይደለም።

እና ምን ይደረግ? ለብቻዋ ስትሆን ያነጋግሯት። ስልኳን እሱ የሚያይ ከሆነ (ከላይ የመለስኩትን ጥያቄ ያንብቡት) በስልክ አያውሯት፣ በመልእክትም አይጻፉላት። "ለምን አትወጪም?" ብለው አይጫኗት። "ያደረግነው ስህተት ነበር፣ በሬ ሁልጊዜ ክፍት ነው" ይበሏት። ይቺን አንዲት ቃል ከእናቷ አፍ ሳትሰማ የሞተች ብዙ ናት። መታወቂያዋ፣ የልጅ የልደት ወረቀት፣ ትንሽ ገንዘብና ትርፍ ቁልፍ እርስዎ ጋ ይቀመጥ። ከጎረቤት ጋር የምትግባባበት አንድ ቃል ይኑራት፤ ያ ቃል ሲሰማ ፖሊስ ይጠራ። ለመውጣት ከወሰነች ደግሞ "ልተውህ ነው" ብላ አትንገረው። ሴት በጣም የምትጎዳው በምትለይበት ሰሞን ነውና ሁሉም በዝግታና በዕቅድ ይሁን። የጥንዶች ምክርም አሁን አይሆንም፤ እሱ ፊት ተቀምጣ እውነቱን ብትናገር ማታ ቤት ስትገባ ትከፍልበታለች። ለተደበደቡ ሴቶች መጠለያና ምክር የሚሰጡ ሰዎችን፣ ጠበቃንም፣ ለብቻዋ ታግኝ።

አንተም ይህን የምታነብ ወንድም፣ አንድ ቀንም ቢሆን እጅህ አንገቷ ላይ ደርሶ ከሆነ፣ ዛሬውኑ ሌላ ቦታ እደርና የሥነ ልቦና ባለሙያ ፈልግ። ሁለተኛውን ቀን አትጠብቅ።

ጥያቄ፦ በሃይማኖታችን ወንድ የቤቱ ራስ ነው። አንቺ ይህን ትቃወሚያለሽ?

ትርጉሙን የሃይማኖት አባቶችህን ጠይቅ። እኔ የምጠይቅህ፣ ሚስትህ ትፈራሃለች ወይስ ታምንሃለች?

ጥያቄ፦ ከእኔ ጋር በአንድ ቀን በአንድ የሥራ መደብ የተቀጠረ ወንድ ከእኔ የበለጠ እንደሚከፈለው በአጋጣሚ ሰማሁ። ብጠይቅ ያባርሩኛል ብዬ ፈራሁ።

ፍርሃትሽ ትክክል ነው፣ ስለዚህ በብልሃት እንሂድ። ለእኩል ዋጋ ላለው ሥራ እኩል ክፍያ የሚለው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። ያም ሆኖ በዓለም ደረጃ ሴቶች ከወንዶች 20 በመቶ ገደማ ያነሰ ይከፈላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ክላውዲያ ጎልዲን እንዳሳዩት በበለጸጉ አገሮች ልዩነቱ በአብዛኛው የሚሰፋው የመጀመሪያው ልጅ ሲወለድ ነው። እዚህም ያው የቤት ሥራው ጉዳይ መጣብን።

መጀመሪያ ጻፊ። የተቀጠርሽበትን ቀን፣ የሥራ ዝርዝርሽን፣ ያገኘሽውን የሥራ አፈጻጸም ውጤት በሙሉ። ከዚያ የሰውየውን ስም ሳታነሺ "የዚህን መደብ የደመወዝ እርከን ማወቅ እፈልጋለሁ" ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂ። በጎን ሌሎቹን ሴቶች አነጋግሪ። አይስላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 24 ቀን 1975 ከሴቶቹ 90 በመቶ ያህሉ የመሥሪያ ቤቱንም የቤቱንም ሥራ አቁመው ወጡ። አባቶች ልጆቻቸውን ይዘው ቢሮ ገቡ። በማግስቱ ዓመት የእኩልነት ሕግ ወጣ፣ በ1980 ቪግዲስ ፊንቦጋዶቲር ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። ዛሬ እዚያ 25 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ እኩል እንደሚከፍል ራሱ ማስረዳት አለበት። ያን ቀን አንዲት ሴት ብቻዋን ብትወጣ ኖሮ ትባረር ነበር።

ሕጉ ከአገር አገር ስለሚለያይ፣ ደብዳቤ ከማስገባትሽ በፊት የሠራተኛ ጉዳይ የሚያውቅ ጠበቃ አማክሪ።

ጥያቄ፦ ሴት ልጅ መንገድ ላይ "ቆንጆ" ብትባል ምን አለበት? አድናቆት ነው እኮ። ዝም የምትለውም ደስ ስለሚላት ነው።

ወንድሜ፣ ዝምታ እሺታ አይደለም። ዝም የምትለው ብትመልስልህ ምን እንደምታደርግ ስለማታውቅ ነው። ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ታያለህ፣ ሙዚቃ ግን አልከፈተችም፤ ከኋላዋ የሚመጣ የእግር ኮቴ መስማት አለባት። ስልክ የምታወራ መስላህ ይሆናል፣ ማንም የለም መስመሩ ላይ። ቁልፏን በጣቶቿ መሃል አድርጋ ይዛለች። በአጭሩ መንገድ መሄድ ትታ ዙሪያውን ዞራ ነው የመጣችው።

አባቷ ከጎኗ ቢሆን ትላታለህ? አትላትም። ስለዚህ ለከፋ መሆኑን አንተም ታውቀዋለህ። በሥራ ዓለም ያለ ጥቃትና ትንኮሳን የሚመለከተው እ.ኤ.አ. የ2019 ዓለም አቀፍ ስምምነት እንኳ ወደ ሥራ ሲሄዱና ሲመለሱ የሚደርሰውን ይጨምራል። ጓደኛህ ሲለክፍ አብረህ አትሳቅ። "ተዋት" በለው፣ ከአንተ ይሰማል።

ጥያቄ፦ ሥራዬን ካጣሁ 8 ወር ሆነኝ። ቤቱን የምታስተዳድረው ሚስቴ ናት። ምንም አትለኝም፣ እኔ ግን ወንድነቴ ያለቀ ይመስለኛል። አንዳንዴ ባልኖር ይሻል ነበር እላለሁ። ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ወንድሜ፣ አሁን ለእኔ ተናገርክ። ትልቅ ነገር ነው ያደረግከው።

"ወንድ ልጅ አያለቅስም" ብለን ያሳደግነው ልጅ ነው አድጎ እንዲህ ብቻውን የሚሰቃየው። በዓለም ላይ ራሳቸውን የሚያጠፉ ወንዶች ከሴቶቹ ከ2 እጥፍ በላይ ናቸው። "ወንድ ማለት ገንዘብ የሚያመጣ ነው" የሚለው አስተሳሰብ ሴቷን ከሥራ ያስቀራል፣ ወንዱን ደግሞ ሥራ ሲያጣ ይገድለዋል።

ዛሬ ማታ ለሚስትህ ንገራት። ለእኔ የተናገርከውን ያንኑ ከዚህ አንብብላት፣ ሌላ ቃል መፈለግ የለብህም። ቤት ውስጥ ራስህን ልትጎዳበት የምትችል ነገር ካለ ለሌላ ሰው ስጠው። ነገ ጠዋት የአእምሮ ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ሂድ፣ እሷም ትከተልህ። ሐሳቡ ዛሬ ከበረታብህ ነገን አትጠብቅ፤ ቅርብህ ያለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ግባ።

ጥያቄ፦ የ15 ዓመት ሴት ልጄ ሒሳብ ካላጠናሁ ትላለች። ለሴት አይከብድም?

አይከብድም። ማርያም ሚርዛኻኒ እ.ኤ.አ. በ2014 የሒሳብን ትልቅ ሽልማት፣ የፊልድስ ሜዳሊያን፣ አግኝታለች። ለልጅሽ መጽሐፍ ግዢላት፣ ዕቃ እጠቢ እያልሽም አታስነሻት። ወንድሟም ይጠብ።

ጥያቄ፦ ባለፈው "ለአንድ ሳምንት ጻፉት" ብለሽን እኔና ባለቤቴ ጽፈን ነበር። የኔ 4 ገጽ ሆነ፣ የሱ ግማሽ ገጽ። እሱ "እያጋነንሽ ነው" አለ፣ ተጣላን። ለ3 ቀን አልተነጋገርንም።

ጎበዞች ናችሁ። መጣላታችሁ አያስደነግጠኝም፣ ስታዩት ያስደነግጣል።

ከ4ቱ ገጽ 3 ነገር ይምረጥ። እሱ ራሱ ይምረጥ፣ አንቺ አትምረጪለት። የመረጠው ነገር ከማሰቡ እስከ መጨረሻው የሱ ይሁን። ለምሳሌ የልጁን ትምህርት ቤት ጉዳይ ከወሰደ፣ መልእክቱን የሚያነበው እሱ፣ ስብሰባ የሚሄደው እሱ፣ አስተማሪዋም የምትደውለው ለሱ ነው። ዛሬውኑ የስልክ ቁጥሩን ለትምህርት ቤቱ ስጪ።

ለአንቺም አንድ አደራ አለኝ። ሲሠራ ከኋላው ቆመሽ አታርሚው። ልጁን ያለ ካልሲ ቢወስደው ልጁ አንድ ቀን ይበርደዋል፣ በማግስቱ አባቱ ራሱ ያስታውሳል። ከሄድሽበት ሆነሽ እየደወልሽ "ካልሲ አደረግክለት?" ካልሽ ግን ሥራው ተመልሶ አንቺ ጋ መጣ።

ለ6 ሳምንት ሞክሩት። ያኔም እንደገና ጻፉ። አሁንም የሚያጣላችሁ ከሆነ ጥንዶችን የሚያማክር ባለሙያ ዘንድ አብራችሁ ሂዱ፣ ሁለቱንም ወረቀቶች ይዛችሁ።